በቱታ መወፈር

እኔ ከሲታ ነኝ። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን የዛሬው ጨዋታ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። ልጅ ሆኜም ከሲታ ነበርኩ፤ ተማሪ ሆኜም እንዲሁ። አሜሪካ ስገባ «ቆይ፣ ስድስት ወር ብቻ ጠብቅ» ያሉኝ ብዙ ነበሩ። ስድስቱ ወር ሲሞላ እነሱ ሱሪ ቀየሩ፣ እኔ ቀበቶዬ ላይ በምስማር አንድ ቀዳዳ ጨመርኩ። አይበላም እንዳትሉኝ ደግሞ። እበላለሁ። ሚስቴ የሺ «የሚበላው የት እንደሚገባ ለፖሊስ ላመልክት ነው» ትላለች።

የሺ፣ ከዓይን ያውጣትና፣ ረጅም ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ ባቷ ሙሉ ነው። የተዋወቅነውም የተጋባነውም እዚሁ ሲያትል ነው። ሥራዋ ፌደራል ዌይ በሚባለው ጎረቤት ከተማ በየቤቱ እየሄደች አዛውንት መርዳት ነው፤ ግዙፍ ግዙፍ ሽማግሌዎችን «ዋን፣ ቱ፣ ትሪ» ብላ ከአልጋ ታነሳና ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። አንድ ቀን ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ራሴን አልጋዬ ላይ አገኘሁት። እንዴት እንደደረስኩ አልጠየቅሁም። ሰው የማያውቀውን መጠየቅ አለበት፤ የሚያውቀውን ግን ባይጠይቅ ይሻላል።

እኔ ደግሞ መሀል ከተማ አንድ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ። ከደረት በታች የሚያየኝ ሰው ስለሌለ ክብደቴን የሚያነሳብኝም አልነበረም። ይህን ሰላም ያደፈረሰው አቶ ደምሴ ነው።

አቶ ደምሴ የናዝሬት ሰፈራችን ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ልኮት መጣና ቤታችን ጋበዝነው። በላ፣ ጠጣ፣ መረቀን። አገሩ ሲመለስ ግን ቀጥ ብሎ እናቴ ዘንድ ሄደና «ልጅዎን አየሁት፤ ደህና ነው፤ ብቻ ሲባጎ አክሏል» አላት። ሰው እንዴት እጁን የታጠበበትን ቤት ጌታ ሲባጎ ይላል? የሺ ለእሱ ያወጣችው ቅልጥም እስካሁን ይቆጨኛል።

የእናቴ ደብዳቤ በጥር ማለቂያ ደረሰ። ሰላምታው እንደ ወትሮው ረጅም ነው፤ ዋናው ነገር የሚከተለው ነው።

«ደምሴ የነገረኝን ነግሮኛል። አንተ በየደብዳቤህ ወፍሬአለሁ እያልክ ታታልለኛለህ። የምትልክልኝም ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። በጉርድ ሰው አይታይም፤ የሚታየው ክራባት ነው። አሁን ከራስህ እስከ እግርህ ቆመህ ተነሳና ላክልኝ። የሚስትህንም አብረህ፤ እሷንም ያየኋት በጉርድ ነው። ሰውነት ማውጣትህን በዓይኔ እስካይ ድረስ ሥጋ ላልቀምስ ተስያለሁ። ፋሲካም ቢሆን።»

«ፋሲካም ቢሆን» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

የእናቴ ስለት ቀልድ አይደለም። ወንድሜ ታሞ የተኛ ጊዜ እስኪድን ቡና ላልጠጣ ብላ ተስላ አምስት ወር ሙሉ ግንባሯን በሻሽ ጠፍንጋ ከርማለች። እሱ ድኖ ወጥቶ ኳስ ሲጫወት እንኳ በደንብ መዳኑን ላረጋግጥ ብላ አንድ ወር ጨምራለች። እና አሁን ሃምሳ አምስት ቀን ጾማ፣ አገር ሁሉ ዶሮ ሲበላ፣ እሷ በእኔ ክሳት ምክንያት ሽሮ ፊት ለፊት ተቀምጣ ታየችኝ። ያን ቀን ቲኬት ስቀበል መልስ የሰጠሁትን ሰው አላስታውስም።

ጾሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ይቀራል። ለመወፈር ዘመቻ ጀመርኩ። የኦቾሎኒ ቅቤ በማንኪያ፣ ዶናት በደርዘን፣ ሚልክሼክ በትልቁ ብርጭቆ። በአሥር ቀን ሁለት ፓውንድ ጨመርኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጉንፋን ያዘኝና ሦስት ፓውንድ ቀነስኩ። ጾሙ ገባ። ጾም ላይ ወፍሮ መታየት ደግሞ እንኳን ለእኔ ለማንም ከባድ ነው።

መፍትሔው ከጋሽ ታደለ መጣ። ጋሽ ታደለ ኤቨረት ከተማ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ፣ በጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑ፣ ካሜራ የማይለያቸው ሰው ናቸው። እሳቸው እኔን «ጾመኛው» ይሉኛል፤ እኔ ስለሳቸው የምለውን ለየሺ ብቻ ነው የምለው። ግን እንዋደዳለን። ነገሩን ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ሶ፣ ይሄ ምን ችግር አለው! ስኪ ሂዱ። አምና የቸርቻችንን ልጆች በቫን ፓስ ወስጄ ነበር። ማታ ፒክ ላደርጋቸው ስሄድ አንዱን ከአንዱ መለየት አልቻልኩም። ሁሉም ክብ ሆነዋል! ሌየር ነው። ከውስጥ አንድ፣ በላዩ ሌላ፣ በላዩ ቱታ። በረዶ ላይ ቀጭን የሚባል ሰው የለም።»

ፓስ የሚሉት ከሲያትል በስተምሥራቅ ያለውን የተራራ ማለፊያ ነው፤ የከተማው ሰው ስኪ የሚሉትን ረጅም ሳንቃ እግሩ ላይ አስሮ በረዶ ላይ ሊንሸራተት የሚወጣው እዚያ ነው።

«ማታለል አይሆንም፣ ጋሼ?» አልኳቸው። ሽማግሌ ናቸውና መጠየቅ አለብኝ።

«በረዶ ላይ የቆመ ሰው ልብስ ለበሰ ተብሎ ማታለል ነው እንዴ? ራቁቱን ቢቆም ነው የሚያታልለው።»

የሺ «ታዲያ ካፖርት አይበቃም? ስኪውን ምን ያደርግልናል?» አለች።

«ኖ፣ ኖ! ያለ ስኪው ከሆነ እናቱ 'ልጄ ምን ሆኖ ነው ፍራሽ የለበሰው' ይላሉ። ስኪው ምክንያት ነው።»

በዚህ ተስማማን። ልብ በሉ፤ ለመንሸራተት ማንም ምንም ሐሳብ አልነበረውም። ቆመን ልንነሳ ብቻ ነው።

ጋሽ ታደለ የወሰዱን ዕቃ የሚያከራየው ሱቅ ዋይት ሴንተር ነው። ሰፈሩ ስሙን ስሰማው ለበረዶ ዕቃ የተፈጠረ መስሎኝ ነበር፤ ስንደርስ በአንድ በኩል የቬትናሞች ሾርባ ቤት፣ በሌላ በኩል ጫማ ጠጋኝ ያለበት ጠባብ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ጄን የምትባል ሽበታም፣ ቀጥ ያለች፣ የቀኝ እጇ ካቻቢቴ ጨብጦ የተወለደ የሚመስል ሴት ናት። ለሁለታችንም አንዳንድ ቅጽ ሰጠችን።

ቅጹ አጭር ነው። ስም፣ ቁመት፣ ክብደት፤ ከዚያ «ዓይነት» ይልና በሮማ ቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ የባቡር ጣቢያ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ያደግሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲባል ምን እንደሆነ ማንም አይነግረኝም፤ ማዕረግ ነው። አንደኛ ማዕረግ ለሹማምንት፣ ሁለተኛ ለነጋዴ፣ ሦስተኛ ለእኛ፣ ከዶሮውና ከሽንኩርት ጆንያው ጋር። ሰው አቅሙን ማወቅ አለበት ብዬ ሦስተኛ ላይ ምልክት አደረግሁ። የሺ ከጎኔ አየችኝና «እኔ የሰው አገር ድረስ መጥቼ በሦስተኛ አልሄድም» ብላ አንደኛ ላይ አደረገች።

ክብደት የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እውነቱ መቶ አሥር ፓውንድ ነው። ግን እኔ እኮ ሰውነት ላወጣ ነው የመጣሁት፤ ገና ከበሩ መቶ አሥር ብዬ ልጀምር? ባገሬ ሰው ከሰው ሲገናኝ «ወፍረሃል» ተባብሎ ነው የሚደሰተው። መቶ ስድሳ ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው ትከሻዬ ሰፋ ያለ መሰለኝ። የሺ ደግሞ እንደ ፈተና ቀን በእጇ ሸፍና ትጽፋለች። እሷ ፌደራል ዌይ ከአሜሪካ እመቤቶች ጋር ስትውል ሌላ ትምህርት ተምራለች፤ እዚያ ክብደት የሚጻፈው ተቀንሶ ነው። መቶ አሥራ አምስት ብላለች። ይህን ያወቅሁት ግን ኋላ ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ቢሆንም ክብደታችንን ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ጄን የእኔን ቅጽ አነበበች፤ አየችኝ፤ እንደገና አነበበች።

«መቶ ስድሳ?»

«አጥንቴ ከባድ ነው» አልኳት።

የሺን አየች፤ ቅጿን አየች። ከዚያ ለሁላችንም እንዲህ አለችን። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያዘው ብረት ላይ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ የሚሞላው በክብደታችሁና በዓይነታችሁ ነው። አብዝታችሁ ከጻፋችሁ ስትወድቁ እግራችሁን አይለቅም፣ እግር ይሰበራል። አሳንሳችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ ሳትወድቁም ይለቃችኋል። «ስለዚህ የምታርሙት ነገር ካለ አሁን ነው» አለችና ጠበቀች።

እኔ ጣሪያውን አየሁ። የሺ ጫማ ጠጋኙን በመስኮት አየች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ደግሞስ እኛ ቆመን ፎቶ ልንነሳ እንጂ ማን ይወድቃል?

በቅጹ መሠረት ለእኔ የወጣው ስኪ ከራሴ በላይ አንድ ክንድ የሚያልፍ፣ ቢያጥፉት የማይታጠፍ ነው። ሦስተኛ ማዕረግ እንዲህ ከሆነ አንደኛው ምን ሊሆን ነው ብዬ ተደነቅሁ። ለየሺ የመጣው አጭር፣ ለስላሳ፣ አበባ የተሣለበት ነው፤ አገጯ ላይ እንኳ አይደርስም።

ጫማው ላይ ግን ቅጽ አይሠራም፤ እግር ነው የሚመሰክረው። የወንዱን ጫማ ሳጠልቀው አንገቱ ጉልበቴ ላይ ደረሰ፣ ተረከዜ ደግሞ ውስጡ ሽርሽር ሄደ። የሺ የሴቱ ጫማ በባቷ ላይ አልዘጋ አላት፤ ጄን ጎተተች፣ ጋሽ ታደለ «በኢየሱስ ስም» እያሉ ገፉ፣ አልሆነም። ጄን አውልቃ ሁለት ጥንድ ጫማ ይዛ መጣች። አንዱ ጥቁር ነው። አንዱ ሐምራዊ ነው።

ሐምራዊውን ወደ እኛ ዘርግታ «ይሄ ለ'ዩ'» አለች። የእንግሊዝኛ ነገር ታውቃላችሁ፤ «ዩ» ሲሉ አንተ ይበሉ አንቺ አይታወቅም። እኔም የሺም እኩል እጃችንን ዘረጋን። ጄን ጫማውን የእኔ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ የሴት ነው» አልኳት።

«የሴት ያደረገው ቀለሙ ነው» አለች። የሴት ባት ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር የጫማው አንገት አጭር ነው፤ ተረከዙም ጠባብ ነው። ረጅምና ባተ ሙሉ ሴት ስትሆን የወንዱ ይስማማታል፤ አጭርና ቀጭን ወንድ ሲሆን የሴቱ። «ሠሪዎቹ ያሳንሱትና ሮዝ ይቀቡታል፤ ከዚያ የሴት ነው ይላሉ። ስኪ ግን ወንድና ሴት አያውቅም። የሚያውቀው ክብደትና እግር ነው። እኔ ራሴ ሃያ ዓመት የወንድ ነው የምጫማው።»

አጠለቅሁት። ምን ልበላችሁ፤ ገጠመ። ዕድሜዬን ሙሉ ጫማ ገዝቼ ካልሲ ደርቤ የኖርኩ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጫማ እግሬን አወቀው። ደስታዬን ለመደበቅ ፊቴን ማኮሳተር ነበረብኝ።

ጋሽ ታደለ ግን ከንፈራቸውን ነከሱ። «ኦኬ፣ ብቻ… መጽሐፉ የወንድና የሴት ልብስ ይለያል» አሉ።

«ጋሼ፣ መጽሐፉ የተጻፈው በረሃ ነው። በረዶ አልነበረም» አለች የሺ። ጋሽ ታደለ ጥቂት አሰቡበትና ጎንበስ ብለው የጫማዬን ዘለበት አጠበቁልኝ።

ቱታውም በዚያው ሄደ። የወንዱ ትንሹ ቱታ ላዬ ላይ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠለጠለ። እኔ የምፈልገው ደግሞ የሞላ ጆንያ ነው። የሴቱ ትንሹ፣ ከሥሩ ሁለት ሹራብ ሲገባበት፣ ጥርቅም ብሎ ሞላ። ሐምራዊ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ አበባ አለው፤ ወገቡ ላይ መቀነት አለው። መስታወት ፊት ዞርኩ። ሆድ! እኔ፣ ሆድ! እናቴ ዶሮ ስትበላ ታየችኝና አበባውን ይቅር አልኩት። የሺ ሰማያዊውን የወንድ ትልቁን ለበሰች፤ በሩን ሞላችው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ፓስ ደረስን። ጋሽ ታደለ «እዚህ ፓርክ ላድርግ፣ እዚያ ፓርክ ላድርግ» ሲሉ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ከዚያ ከኋላችን ተራራ ካልታየ አላነሳም አሉና ትንሽዬ ጉብታ ላይ አወጡን። ስኪውን አሠርን። ምርኩዛችንን ተከልን። ጋሽ ታደለ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሶ፣ ትንሽ ወደ ኋላ… ትንሽ… አሁንም ትንሽ…»

እኔ ታዛዥ ነኝ። ትንሽ ወደ ኋላ አልኩ። የቀረውን ስኪው ጨረሰው።

ወደ ኋላ መሄድን በሚመለከት የምመክራችሁ ቢኖር የምትሄዱበት ስለማይታያችሁ ብዙ አያስፈራም። የታየኝ የየሺ ፊት ነው፤ እየራቀ፣ እየራቀ፣ አፉን እየከፈተ። በትንንሽ ልጆች መሀል አለፍኩ፤ አንዷ «ኤክስኪዩዝ ሚ!» አለችኝ። ከዚያ ዞርኩ፣ ከዚያ ወደቅሁ። እኔ ወደቅሁ እንጂ ስኪው አልወደቀም። አንዱ ወደ ሲያትል፣ አንዱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ እግሬን ግን ሁለቱም አንቀው ይዘዋል። ጉልበቴ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ አባቶች፤ የእኔ ውሸት ግን በአንድ ሌሊት ሃምሳ ፓውንድ ሆኖ እግሬ ላይ ታስሮ አደረ።

የሺ ልትደርስልኝ ተነሳች። አንድ እርምጃ ስትራመድ ቀኝ ስኪዋ ጧ! ብሎ ወለቀ። ጎንበስ ብላ አሰረችው። ሌላ እርምጃ፤ ግራው ጧ! ጎንበስ። ጧ! በመጨረሻ ሁለቱንም ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ በጫማዋ እየረገጠች መጣች። ብብቴ ውስጥ እጇን አስገባችና «ዋን፣ ቱ፣ ትሪ» ብላ አቆመችኝ። ያቆመችኝ ቁልቁለት ላይ ነበርና ሄድኩ። ሁለተኛ መጥታ አቆመችኝ። ሁለተኛ ሄድኩ። በሦስተኛው ቁጭ አለችብኝ። ያኔ ነው የቆምኩት።

ይህን የሚያይ አንድ ቀይ ጃኬት የለበሰ የተራራው ሠራተኛ ካቻቢቴውን ይዞ መጣ። ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዓይነት ሦስት? አንተ ነህ ዓይነት ሦስት?»

«ሦስተኛ ማዕረግ» አልኩት በትሕትና።

ሦስት ማለት በጣም ፈጣን፣ ቁልቁለት የማይፈራ፣ ስኪው በዋዛ እንዳይለቀው የሚፈልግ ሰው ማለት መሆኑን የነገረን ያን ጊዜ ነው። አንድ ማለት ደግሞ የሚፈራ፣ ቶሎ እንዲለቀው የሚፈልግ ጀማሪ ነው። የሺ «የሚፈራ?» ብላ ቁጣ ቁጣ አላት።

«እውነተኛ ክብደትህ ስንት ነው?» አለኝ ሰውዬው።

ዙሪያዬን አየሁ። ልጆቹ ተሰብስበዋል። ጋሽ ታደለ ደርሰዋል። የሺ እላዬ ላይ ተቀምጣለች። ዝቅ አድርጌ ነገርኩት።

«አልሰማሁም።»

ትንሽ ከፍ አደረግሁ። ነፋስ ነበር።

«ስንት?»

«መቶ አሥር!» ብዬ ጮኽሁ። ተራራው ራሱ ደገመልኝ፤ አሥር፣ አሥር፣ አሥር።

የሺ ጎንበስ ብላ አየችኝ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። «እግርህ ቢሰበርስ? ሰባራው ልጄ ወፈረ ብለው እናትህ ደስ ሊላቸው ነው? እኔስ?» አለችኝ። «ይቅርታ» አልኩ፤ ከልቤም ነበር። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረችና ሳትጠየቅ፣ ከእኔ በበለጠ ድምፅ፣ «መቶ ስድሳ አምስት!» አለች። ተራራው የእሷንም ደገመ።

ጋሽ ታደለ የፋብሪካ ሰው ናቸውና ቁጥር አያልፋቸውም። እኔ መቶ ስድሳ፣ እሷ መቶ አሥራ አምስት መጻፋችንን ጠየቁና በጣታቸው ደመሩ።

«እናንተ ሰዎች!» አሉ። «ድምሩ እኮ ልክ ነው። ሁለት መቶ ሰባ አምስት! እንደ ቤተሰብ አልዋሻችሁም።»

በበረዶው ላይ ተቀምጠን ሆዳችን እስኪያመን ሳቅን። ቀዩ ጃኬት ምን እንደገጠመው ሳይገባው አብሮን ሳቀ። ከዚያ ስኪያችንን አለዋወጠንና ብረቱን በእውነተኛው ክብደታችን ልክ ሞላልን። ረጅሙ ለየሺ ሆነ፤ ባለ አበባው ለእኔ። እናም ነገሩ ሁሉ ዝም አለ። ጉልበቴ ዝም አለ፣ የየሺም ጧጧታ ዝም አለ። ከልጆቹ ጋር ጉብታዋን አራት ጊዜ ወረድን። ባለ አበባው ስኪ ና ስለው ይመጣል፣ ቁም ስለው፣ ቢያንስ ያስብበታል። እውነት ተናግሮ እንዲህ የሚመች ነገር ካገኘ ሰው ለምን እንደሚዋሽ ያን ቀን ገረመኝ።

ይህን ብዬ ወዲያው ደግሞ ዋሸሁ። ፎቶው አልተነሳማ! ጋሽ ታደለ ሲያነጣጥሩ ጉንጬ ትዝ አለኝ። ቱታ ሆድ ይሰጣል እንጂ ጉንጭ አይሰጥም። ሻርፔን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ፣ ትልቁን የበረዶ መነጽር አወረድኩ፣ ቆቤን እስከ ቅንድብ ደፋሁ። የሺም ነፋሱ ሲበረታባት እንደኔው አደረገች። ጎን ለጎን ቆመን ተነሳን።

ከሃያ አራቱ ፎቶ ውስጥ ራስም እግርም ያልተቆረጠበት አንድ ብቻ ወጣ። ጀርባው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «እኔና የሺ በበረዶ ላይ። እንደምታዪው ሰውነት አውጥቻለሁ።» በማግሥቱ ፖስታ ቤት ከተትኩት፤ ከዚያ በኋላ ሥራዬ ቀን መቁጠር ሆነ። ፋሲካ መጣ፤ የሺ ዶሮ አቀረበች፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጠቀልል እናቴ ምን እየበላች ይሆን ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት።

መልሱ በግንቦት መጣ፤ ከአገር ቤት በመጣች አንዲት ነርስ እጅ፣ ከአንድ ከረጢት በሶና ከአንድ ጣሳ ቅቤ ጋር። የሺ ቆማ አነበበችልኝ።

«ልጄ ሆይ፣ ፎቶግራፉ ለሆሳዕና ዋዜማ ደረሰኝ። ስሜ አይቼ አልጠገብሁም። ስለቴ ሰመረ፤ የፋሲካ ለት ዶሮውን በላሁ፤ ደምሴንም ጠርቼ ፎቶግራፉን ፊቱ ላይ ያዝኩለት፤ አፈረ።»

እፎይ አልኩ። የሺ ቀጠለች።

«እንዴት አምሮብሃል! ሰማያዊው ልብስ ልክክ ብሎብሃል። ትከሻህ ሰፍቷል፤ ቁመት ሳይቀር ጨምረሃል፤ ለካ አሜሪካ ቁመትም ይሰጣል…»

የሺ ማንበቧን አቆመች። ተያየን።

«…ግን ልጄ፣ ልቆጣህ ነው። ያቺ አጠገብህ ሐምራዊ ለብሳ የቆመች ሚስትህ ምነው እንዲህ ደቀቀች? አበባ በደረቷ ላይ አድርጋ ስታሳዝን! ቤት ውስጥ የምትበላው አንተ ብቻ ነህ እንዴ? አባትህ እንዲህ አልነበረም። ይህ በሶና ቅቤ የእሷ ነው። አንተ ጠግበሃል፤ እንዳትነካው። እሷም ሰውነት ማውጣቷን በዓይኔ እስካይ ድረስ…»

የሺ ከዚህ በላይ ማንበብ አልቻለችም። ደብዳቤውን ፊቷ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ወደቀች፤ ሶፋው ጮኸ። እኔ ልቆጣ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። እናቴ ዶሮዋን በልታለች። ልንገራት ብል ስለቷ ይፈርሳል። ዝም ብዬ ደግሞ እነሆ ከሲታዋ ሚስቴ እኔው ሆንኩ።

ያን ቀን ማታ የሺ በሶውን በትልቁ ብርጭቆ በጥብጣ፣ ቅቤውን ከላይ ጣል አድርጋ፣ በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ፊቴ ቆመች።

«ጠጪ» አለችኝ።

«የሺ!»

«የእናቴ ምራት፣ ጠጪ እንጂ! አደራ ተቀብያለሁ።»

አማርኛን እግዜር ይስጠው። አንተና አንቺ ብሎ ሰውን ሁሉ ሲለይ ይውላል፤ «እኔ» ላይ ሲደርስ ግን ወንድ ይሁን ሴት አይጠይቅም።

ጠጣሁ።